የሐሙስ ሳል

ሆራስ ቢንስ የሚስለው በሳምንት አንድ ቀን ነው። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ። ከዚያ በፊት አይስልም፣ ከዚያም በኋላ አይስልም። ከቤቱ ጤነኛ ሆኖ ይወጣል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ በዳቦ ቤቱ ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ ደረቱ የጎረምሳ ደረት ነው። የሚስተር ፕሪንግል መድኃኒት ቤት በር ላይ ሲደርስ ግን ቆም ይልና ኮፍያውን ያስተካክላል፣ ክራቫቱን ይዳስሳል፣ ከዚያም "እህ! እህ!" ብሎ ይሞክረዋል። ድምፁ ካልጣመው ይደግመዋል። ሲጥመው በሩን ገፋ ያደርጋል፤ በሩ ላይ የተሰቀለችው ደወል ቅጭል ትላለች፤ ሆራስም በሽተኛ ሆኖ ይገባል።

ከባንኮኒው ጀርባ ነጭ ጋዋን ለብሳ የምትቆመው ቤሪል አክሮይድ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ስልሳ አንድ ዓመት የሞላት፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሰውን በባዶ ዓይኗ የምታይ ሴት ናት። መነጽሩን የምታደርገው መድኃኒት ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ብቻ ነው።

"እንደምን አደሩ ሚስተር ቢንስ። ምን ልርዳዎት?"

"እህ! እህ! ኧረ ምንም አይደል፣ ሚስስ አክሮይድ። ትንሽ ጉሮሮዬን ከርከር አደረገኝ።"

መድኃኒት ቤቱ የሳል ሽሮፕ ከመሸጡ በፊት ገዢውን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። ቤሪል ደግሞ ጥያቄ የምትዘል ሴት አይደለችም።

"ለማን ነው?"

"ለራሴ።"

"ደረቅ ነው ወይስ አክታ ያለው?"

"ደረቅ።" ያለፈው ሳምንት አክታ ነበረው፤ ሆራስ ያፈራርቃል።

"ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ከማክሰኞ ወዲህ ነው።"

"ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የለም።"

"መልካም። ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን ዝም ብለው እንዳይቀመጡ።"

"አልቀመጥም። ይሄ ደግሞ አዲስ ነው፤ ያኛው ለቆኛል።"

ጠርሙሷን በወረቀት ከረጢት አድርጋ ትሰጠዋለች፤ ሆራስ ኮፍያውን ነካ አድርጎ ይወጣል፤ ጥጉን ሲታጠፍ ሳሉ ይተወዋል። እንዲህ ሲሆን ስድስት ዓመት ሞላ።

ነገሩ የጀመረው በእውነተኛ ሳል ነው። ሆራስ ሠላሳ ሰባት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ያመው ጀመር፤ ወደ መድኃኒት ቤቱም ሄደ። ቤሪል አንድ በአንድ ጠየቀችው። ሲመልስ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው፤ ቶሎ በል አላለችውም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ ሆራስን የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይሄ አውቶቡስ ገበያው ጋ ይቆማል ወይ የሚል። ስለ ራሱ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሽሮፑን ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ የገዛ ቤቱን በር አልፎ ሄደ፤ ትኩሳት መስሎት ነበር፣ ትኩሳት ግን አልነበረም። በአራተኛው ቀን ሳሉ ለቀቀው። ሆራስ በዕድሜው እንደዚያ ቀን አዝኖ አያውቅም። በሚቀጥለው ሐሙስ መስታወት ፊት ቆሞ መሳል ተለማመደ።

ይወዳታል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከተማዋ ሃርደንሾው ደግሞ ለእንዲህ ያለው ሰው የምትመች ናት። እዚያ ያስነጠሰ ሰው ከአራት አቅጣጫ "ይማርህ" ይባላል፤ የሳለ ሰው ግን ይቅርታ የሚጠይቀው ራሱ ነው። "እኔን ተዉኝ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ እንቁራሪት ገብታ ነው" ይላል እየሳቀ። እንቁራሪት ገባች ሲባል የሚደነግጥ የለም፤ በዚያ አገር እሷ ያልገባችበት ጉሮሮ አይገኝም። ትኩሳት አልጋ ላይ የጣለው ሰው "ትንሽ ከርከር አደረገኝ" ይላል። ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ "ደረቴ ዛሬ እምብዛም አይደለም" ይላል። ባለፈው የብርድ ወራት ሥጋ ሻጩ የሳንባ ምች ይዞት አምቡላንስ ላይ ሲጫን፣ አፉ ላይ የደፉበትን የኦክስጅን ጭምብል ገለጥ አድርጎ ለተሰለፉት ደንበኞቹ "ሰሞኑን የሚዞር ነገር አለ" ብሏቸው ነው የሄደው። ደንበኞቹም "አዎ፣ የሚዞር ነገርስ አለ" ተባብለው ሰልፋቸውን ጠበቁ። እንዲህ ባለ ከተማ ማን በእርግጥ እንደታመመና ማን እንዳልታመመ ለማወቅ መርማሪ መቅጠር ያስፈልጋል። ስለዚህ ስድስት ዓመት የሳለውን ሆራስን "ምን ሆነህ ነው?" ያለው አልተገኘም።

በጥቅምት መጀመሪያ ሐሙስ ቤሪል ከረጢቱን እያቀበለችው፣ "በነገራችን ላይ ሚስተር ቢንስ፣ የወሩ መጨረሻ ሐሙስ የመጨረሻ ቀኔ ነው" አለችው። "ስካርብሮ ከተማ እህት አለችኝ። ቤቷ ከባሕሩ አጠገብ ነው፤ ነይ አብረን እንኑር ብላኛለች። ቅዳሜው ዕቃ ጫኝ ይመጣል።"

ሆራስ አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ይህ ነው፦

"ጥሩ ነው። የባሕር አየር ለደረት መልካም ነው ይላሉ።"

ዳገቱን ሲወጣ ራሱን ይሰድብ ነበር። "የባሕር አየር! አንተ ደደብ! ለደረት!" እያለ። ከፊቱ ትመጣ የነበረች ሴት ውሻዋን ሰብስባ ወደ ማዶ ተሻገረች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሐሙሶች ከንቱ ሆነው አለፉ። አንደኛው ቀን ከኋላው ለእግሯ ጣቶች ቅባት የምትፈልግ ሴትዮ ተሰልፋ ነበርና በእሷ ፊት የፍቅር ነገር ማንሳት አልሆነለትም። ሁለተኛው ቀን ሰው አልነበረም፤ ሆራስም "ሚስስ አክሮይድ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት..." ብሎ ጀምሮ ነበር። እሷም ጠርሙሱን አስቀምጣ፣ "ይንገሩኝ" አለችው። እሱም "አክታ ጀምሮኛል" አላት።

የስንብቱ ሳምንት ማክሰኞ ታላቅ እህቱ ኤልሲ ልትጎበኘው መጣች። ኤልሲ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ከወንድሟ ቤት አቧራ ሳትጠርግ ሄዳ አታውቅም። ምንጣፍ መጥረጊያውን ፍለጋ ከደረጃው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተች።

"ሆራስ!"

"አቤት!"

"ና ወደዚህ!"

ቁም ሳጥኑ ከታች እስከ ላይ በጠርሙስ ተሞልቷል። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ያልተከፈቱ፣ እንደ ወታደር በረድፍ የቆሙ፣ በእያንዳንዱ አንገት ላይ ቀኑ የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት የታሰረች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የሳል ሽሮፕ ነው።"

"የሳል ሽሮፕ መሆኑንማ አነበብኩት፣ ዓይኔ አልጠፋ! ለማን ነው? ለፈረስ ነው?" ከዚያ ድምፅዋ ድንገት ተሰበረ። "ሆራስ... እየሞትክ ነው እንዴ? አትደብቀኝ። አባባም ትንሽ ከርከር አደረገኝ እንዳለን ነው ያመለጠን።"

"አልሞትም ኤልሲ።"

"ማልልኝ።"

"እምልልሻለሁ። ሳልም የለብኝም።"

ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነገራት። ከሽሮፑ ከጥያቄው ከሐሙሱ ምንም ሳያስቀር ነገራት። ኤልሲ መጀመሪያ ሳቀች፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ፣ ጎኗን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ጨርሳ ተቆጣች።

"ስድስት ዓመት! በስድስት ዓመት ሰው ቤት ይሠራል! ልጅ ወልዶ ትምህርት ቤት ያስገባል! ደግሞስ ሽሮፕ ምን አመጣው? የጥርስ ብሩሽ አትገዛም ነበር? ማበጠሪያ አትገዛም ነበር?"

"ማበጠሪያ ለሚገዛ ሰው ጥያቄ አይጠይቁም" አለ ሆራስ።

ኤልሲ አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው። ከዚያ አንዱን ጠርሙስ አንስታ መነጽሯን አደረገች።

"'ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በላይ ለሆኑ ሕፃናት። የእንጆሪ ጣዕም ያለው።' ሆራስ! የሕፃን ሽሮፕ ነው እኮ የሸጠችልህ!"

ሆራስ ጠርሙሱን ተቀብሎ አየ። ሌላውን አነሣ፤ ያም የሕፃን ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንዱንም አንብቦት አያውቅም ነበር፤ እሱ የሚያየው የሰጠችውን እጅ ነበር።

"ተሳስታ ይሆናል" አለ በሹክሹክታ። "ለማንም እንዳትናገሪ። ሚስተር ፕሪንግል ከሰማ ይቆጣታል።"

"ከነገ ወዲያ የምትሄድን ሴት ተቆጥቶ ምን ሊያመጣ! ለነገሩ ሥራዋ ላይም የምትገኝ አትመስለኝም። ሰኞ ለተረከዜ ፕላስተር ልገዛ ሄጄ የለችም፤ ማስቲካ የምታኝክ አንዲት ኮረዳ ናት የሸጠችልኝ።"

"ሰኞ አልነበረችም?" ሆራስ ደነገጠ። "አሟት ይሆን?"

"አንተስ ምን ሆንክ እንበል!" ኤልሲ ብድግ አለች። "ስማኝ። ሐሙስ የስንብት ሻይ አለ፣ አዳራሹ ውስጥ። ከተማው ሁሉ ይመጣል፣ እኔም እመጣለሁ። እዚያ ትነግራታለህ። አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ እነዚህን ጠርሙሶች በጋሪ እየገፋሁ መጥቼ!"

"ጋሪ የለሽም።"

"እዋሳለሁ!"

ሐሙስ ጠዋት ሆራስ እንደ ልማዱ ሄደ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናውን ንግግር በልቡ ይዞ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሳሉን ሞከረ፣ ገባ፣ ቤሪልም ጠየቀችው፤ ለማን ነው፣ ደረቅ ነው ወይ፣ ስንት ጊዜ ሆነው፣ ሌላ መድኃኒት አለ ወይ። ከዚያ ከረጢቱን ይዛ ሳትሰጠው ቆየች።

"ሌላ የሚሉኝ ነገር የለም፣ ሚስተር ቢንስ?"

ይህ ጥያቄ በስድስት ዓመት ተጠይቆ አያውቅም። የሆራስ ንግግር ደግሞ ለጥያቄ መልስ ሆኖ የተጠና አልነበረም።

"የለም" አለ።

"እሺ እንግዲህ" አለችና ከረጢቱን ሰጠችው። ፊቷ ላይ ያየውን ነገር ሆራስ ቀኑን ሙሉ ሊረሳው አልቻለም። የደከማት ትመስል ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሞላ። ትልቁ የሻይ ማፍያ ይንተከተካል፤ በየጠረጴዛው የካም ሳንድዊችና የዘቢብ ኬክ ቀርቧል። ሚስተር ፕሪንግል ብድግ ብሎ "እህም" አለ፤ አዳራሹ ጸጥ አለ። እዚያ ንግግር ማድረግ የፈለገ ሰው ዝም በሉ ብሎ አይጮህም። "እህም" ይላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ማንኪያውን ያስቀምጣል። ካለም በኋላ እስኪጨርስ ድረስ እሱን ማቋረጥ ትልቅ ነውር ነው። ሚስተር ፕሪንግል ስለ ሠላሳ ዓመት አገልግሎት ተናግሮ ለቤሪል የጠረጴዛ ሰዓት ሰጣት። ሰዓቱን ታቅፋ አመሰገነች። ተጨበጨበ፣ ጫጫታው ተመለሰ።

ሆራስ ከኤልሲ ጎን ተቀምጦ ኬክ ይበላ ነበር። ርቦት ሳይሆን አፉ ሥራ ይዞ ከቆየ የሚናገርበት ጊዜ ይርቃል ብሎ ነው። ይህን ያወቀችው ኤልሲ፣ እሱ ትልቁን ጉርሻ እንደጎረሰ፣ በክርኗ ጎኑን ደቆሰችው።

"አሁን!" አለችው።

ትን አለው።

ዘቢቡ መንገዱን ስቶ ገባ። ሆራስ ብድግ አለ፣ ጠረጴዛውን ይዞ፣ "እህ! እህ!" አለ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። ማንኪያዎች ተቀመጡ። ሃምሳ ሰው ወንበሩን ወደ እሱ አዞረና በደግ ፊት ይጠብቀው ጀመር።

"እህ! እህህ! እህ!" አለ ሆራስ።

ከኋላ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ አንድ ነገር ማንሾካሾክ ጀመረች። ኤልሲ ዞር ብላ ገላመጠቻት። "ዝም በይ! ወንድሜ ሊናገር ነው!" ወንድሟን በዓለም ላይ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ጀርባውን መምታት የነበረባትም እሷ ነበረች። እሷ ግን እጆቿን አጣምራ በኩራት ታየው ነበር።

የሆራስ ፊት ቀላ። "ዓይን አፋር ነው፣ ምስኪን" አለ አንድ ሰው።

"አይዞህ፣ ተረጋጋ" አለ ሚስተር ፕሪንግል። "ጊዜ አለን።"

ጊዜ እንኳ አልነበረም። ሆራስ አየር ፍለጋ እጆቹን አወናጨፈ፤ ተጨበጨበለት። እንባው ግጥም አለ፤ ይህን ያዩ ሁለት እናቶች ሆዳቸው ባብቶ መሐረባቸውን አወጡ። በመጨረሻ በጣቱ ጉሮሮውን አመለከተ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እየደበደበ አመለከተ። የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተር አንገቱን በሐዘኔታ ነቀነቀና ለጎረቤቱ፣ "አየህ፣ ቃላቱ ጉሮሮው ላይ ቀሩበት" አለ።

ሆራስ ፊቱ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ፣ ሃምሳ ጨዋ ሰው ከቦት እንደሚሞት ገባው። እስከ መጨረሻው አያቋርጡትም። ከሞተም በኋላ ጥቂት ይጠብቁታል።

በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ የጠረጴዛ ሰዓት ወለል ላይ ወድቆ ተከሰከሰ።

"ይሄ እኮ እውነተኛ ሳል ነው!" ብላ ጮኸች ቤሪል።

ሰዎቹን በክርኗ እየገፋች፣ አንድ ወንበር ጥላ፣ ፓስተሩን ይቅርታ ሳትጠይቅ አልፋ ደረሰች። ሆራስን አጎነበሰችውና ጀርባውን በትከሻዎቹ መካከል በመዳፏ ደለቀችው። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ዘቢቡ ተፈናጥሮ ወጣና ሚስተር ፕሪንግል ሻይ ውስጥ ገባ።

ሆራስ አየር ሳበ። እንዲያ የጣፈጠ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ቤሪል እጇን ከጀርባው ላይ ሳታነሣ፣ ራሷም እያለከለከች፣ ሠላሳ ዓመት የለመደ አፏ ሳታስበው ጠየቀ።

"ስንት ጊዜ ሆነው?"

ሆራስ ለመዋሸት የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረውም።

"ስድስት ዓመት" አለ።

ቀና ብሎ አያት። ሃምሳ ሰው እየሰማ መሆኑን ረስቶት ነበር፤ ወይም ከሞት አፍ የተመለሰ ሰው ስለ ሃምሳ ሰው ግድ የለውም።

"ሳል የነበረብኝ የመጀመሪያውን ሳምንት ብቻ ነው፤ እሱም አራት ቀን። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። የምመጣው አንቺን ለማየት ነው። እወድሻለሁ፣ ቤሪል። ስካርብሮ አትሂጂ።" ከዚያ አስተዳደጉ ትዝ አለውና ጨመረበት። "ማስቸገር ካልሆነብኝ።"

"አውቃለሁ" አለች ቤሪል።

"ምኑን?"

"ሳል እንደሌለብህ ነዋ። በሩ እኮ መስታወት ነው፣ ሆራስ። ስድስት ዓመት ሙሉ ውጭ ቆመህ ስትለማመድ አይሃለሁ። የሕፃን ሽሮፕ የሰጠሁህ ለምን መሰለህ? ሳትታመም የአዋቂውን እየጠጣህ አንድ ነገር ብትሆንብኝስ?"

"አልጠጣሁትም።"

"አንዱንም?"

"አንቺ የሰጠሽኝን እንዴት አድርጌ እጨርሰዋለሁ?"

ቤሪል መነጽሯን ፈልጋ አገኘችና ዓይኗ ላይ አደረገች። መድኃኒት ሳይሆን ሰው በመነጽር ስታይ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

"እህም" አለ ሚስተር ፕሪንግል።

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ።

"በሰው ነገር መግባቴ አይደለም። ግን ውስጤን ከሚያሳክከኝ አንድ ጊዜ ብናገረው ይሻላል። ቤሪል ጡረታ የወጣችው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የምትመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ለምን ሐሙስን መረጥሽ ብላት፣ 'ሐሙስ ሐሙስ ሳል ይበዛል' አለችኝ።" ዘቢቡን ከሻዩ ውስጥ በማንኪያ አወጣ። "እኔም አመንኳት። የተማርኩ ፋርማሲስት ሆኜ።"

ቤሪል እስከ ጆሮዋ ቀላች። ሆራስ በልቡ አሰላ። ሁለት ዓመት! መቶ ሐሙስ! እሱ ጥጉን ታጥፎ ሲስል፣ እሷ ለእሱ ብላ ጋዋን ለብሳ፣ ባንኮኒው ጀርባ ቆማ፣ በመስታወቱ እያየችው ነበር።

"ታዲያ ለምን ትሄጃለሽ?" አለ።

"እስከ መቼ ልጠብቅ?" አለች ቤሪል። ተቆጥታ ነበር፣ ዓይኗም እንባ ሞልቶት ነበር። "ከሦስት ሳምንት ካለፈ ዝም ብለህ አትቀመጥ እያልኩ በየሳምንቱ አልነገርኩህም? ከዚህ የባሰ እንዴት አድርጌ ልንገርህ? ዛሬ ጠዋት እንኳ ሌላ የምትለኝ ነገር የለም ወይ ብዬ ለመንኩህ!"

"ረፈደ?"

ቤሪል የጋዋኗን ኪስ ዳበሰች። ጋዋን ግን አልለበሰችም ነበር፤ ጠዋት አስረክባለች። እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋትና የሆራስን ክራቫት አቃናችለት።

"ዕቃ ጫኙ የሚመጣው ቅዳሜ ነው" አለች። "ዛሬ ገና ሐሙስ ነው።"

መጀመሪያ የሳለው ፓስተሩ ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ "እህ!" አለ። ቀጥሎ ሥጋ ሻጩ ሳለ። ሚስተር ፕሪንግል በመሐረቡ ውስጥ ሳለ፤ ለእግሯ ቅባት የምትገዛው ሴትዮ ሳለች፤ ጥቂት ቆይቶ አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ሳል ብቻ ሆነ። ሁሉም ዓይኑን እየጠረገ፣ "ይቅርታ፣ እንቁራሪት ገብታ ነው"፣ "ሰሞኑን የሚዞር ነገር አለ"፣ "አዎ፣ አለ፣ አለ" ይባባል ነበር።

ኤልሲ ብቻ አልሳለችም። እሷ አፏን ከፍታ፣ ሳትደብቅ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ተናፈጠችና ዕቃ ጫኞቹ ጋ የምትደውልበት ስልክ የት እንዳለ ፓስተሩን ጠየቀችው።